የፍርሃት የጊዜ ሰሌዳ

የወንድሜን ቤት አምፖል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስቀይር የኖርኩት እኔ ነኝ። አትሳቁ። ቤቱ ድሮ ትምህርት ቤት ስለነበረ ጣሪያው ሩቅ ነው። ኦድቫር ግን ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው፤ ወንበር ላይ ቢወጣ ያለ ችግር ይደርስበታል። ነገሩ ወንበር ላይ አለመውጣቱ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ካለ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ ይደውልልኛል። «እትዬ፣ ማድ ቤቱ ጨለመብኝ» ይላል። እኔ አጭሯ፣ በስድስት ዓመት የምበልጠው፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ መሰላሌን ተሸክሜ ዳገቱን እወጣለሁ። እሱ ከታች ቆሞ መሰላሉን ይይዝልኛል። ሲይዝ እንኳ ዓይኑን ይጨፍናል።

ፍርሃቱ የከፍታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ውሻ ይፈራል። ጥርስ ሐኪም ይፈራል። ጭፈራ ይፈራል። የማያውቀው ቁጥር ሲደውልለት ስልኩን ትራስ ሥር ይደብቀዋል። ባሕር ይፈራል፣ ዋና አይችልም፤ ሥራው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ባሕር ላይ ነው። መንደራችንን ሶልቪካን ከማዶ የምታገናኛት መኪና አሻጋሪ መርከብ ናት፤ ኦድቫር እሷ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ መርከቧ አፍ ላይ ይቆምና መኪናዎቹን በእጁ ያስገባል። ና። ወደ ግራ። ጠጋ በል። በቃ፣ ሞተር አጥፋ። ይህ ሁሉ በእጅ ነው የሚነገረው፤ ከአፉ አንዲት ቃል አትወጣም። መዳፉን ከፍ ካደረገ የሶልቪካ ሰው በሙሉ፣ ቄሱም ጭምር፣ ፍሬን ይይዛል።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን ሰው ፊት ቆሞ መናገርን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ልክ ነው፣ አይነቅዝም። ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባልም አለ ግን፤ ወንድሜ የቀረበት ደግሞ ከደጃዝማችነት የባሰ ነው።

ሚስቱ ብዮርግ የሞተችው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ነው። እኛ ዘንድ ከቀብር መልስ አዳራሽ ገብተን፣ ዳቦ በቅቤ እየበላን፣ ሟችን የሚያውቅ ሁሉ እየተነሳ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል። ባል ደግሞ የግድ ይናገራል። ኦድቫር ተነሳ። ቆመ። አፉን ከፈተ። ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው፣ ለእኔ ግን ክረምቱን ሙሉ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ምንም ሳይል ተቀመጠ። ልጁ ራንቬይ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጣ እጅጌውን ይዛ፣ ወደ ላይ አንጋጥጣ ስትጠብቀው ነበር። ያን ዓይኗን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ያን ቀን ማንም አንስቶት አያውቅም። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ነገር ሲከብደን ዳቦ እንቀባለን።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ራንቬይ በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗት ማዶ ከተማ ነርስ ነበረች። አንድ እሁድ ከጓደኛዋ ከአናጢው ከኤስፔን ጋር መጣችና እኔ ቤት ዋፍል እየበላን ሳለ «በሚመጣው ነሐሴ እንጋባለን» ብላ ዱብ አደረገችው። እልል ብዬ ተነሳሁ! ኤስፔንን አንገቱን አንቄ ሳምኩት። ኦድቫርም ፊቱ በራ፤ እንደ ልማዱ ምንም አላለም እንጂ።

ትንሽ ቆይታ ራንቬይ እጁን ያዝ አደረገችና «ደግሞ አባዬ፣ ስለ ንግግሩ አትጨነቅ። አጎቴ ስታይናር ያደርገዋል» አለችው።

በእኛ ሠርግ የሙሽራዋ አባት ካልተናገረ ምግቡም አይወርድ። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ስታይናር ደግሞ የብዮርግ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፤ የጃም ጠርሙስ ሲከፈትም ንግግር ካላደረገ የማይሆንለት ሰው። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም፤ ልታሳርፈው ነው።

«ጥሩ ነው» አለ ኦድቫር። ሦስተኛ ዋፍል አነሳ። ሳይቀምሰው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ።

«ምነው? አምፖል ነው?» አልኩት።

«አይደለም። ለስታይናር ንገሪልኝ። የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ራስህ ደውለህ አትነግረውም?»

«እሱም ዝርዝሬ ውስጥ አለ» አለና ከጃኬቱ ኪስ ወረቀት አወጣ። የመርከቧ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ጀርባውን በማስመሪያ አሥራ ሁለት ቦታ ከፍሎ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወራቱን ጽፎበታል። በየወሩ ሥር አንዳንድ የሚፈራው ነገር አለ። መጨረሻው ላይ፣ ነሐሴ ሥር፣ «ራንቬይ» ብቻ ይላል።

«ትልቁን በአንዴ አልችለውም» አለኝ። «በየወሩ አንዳንድ ትንንሽ ከተለማመድኩ ነሐሴ ሲደርስ አፌ ይፈታ ይሆናል።»

ሳቄ መጣና ዓይኑን ሳየው ሳቄን ዋጥኩት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልኩት። «ቡና ጠጣና ሂድ።»

መስከረም ላይ የጻፈው አውቶቡስ ነው። በድጋሚ፣ አትሳቁ! ባዶ ወንበር እያለ ሰው አጠገብ ሄዶ መቀመጥ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ያበደ ነው ይሉሃል። ኦድቫር ገባ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። ቀጥ ብሎ ሄዶ እማማ ጉድሩን አጠገብ ቁጭ አለ። እማማ ጉድሩን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል፣ ምላሳቸው ግን አልከበደም። ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

«ምን ሆነሃል? አሞሃል እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።»

«እዚያ ሙሉ ወንበር አለ እኮ።»

«አይቻለሁ። እርስዎ ጋ መቀመጥ ፈልጌ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ተናገራ! መጥተህ ዝም ልትለኝ ነው?»

ኦድቫር አላበው። «ዛሬ... ዘንቧል» አለ።

«እኔም መስኮት አለኝ» አሉት።

ያም ሆኖ ሁለት ፌርማታ ሙሉ አወሩ። ወንድሜ ቤቴ ሲደርስ ጦርነት አሸንፎ የመጣ ነበር የሚመስለው። እማማ ጉድሩን ደግሞ ማታ ሳይደርስ «የመርከቡ ሰውዬ ለትዳር ሳያስበኝ አልቀረም፤ እኔ ግን ትንሽ ልጅ አልፈልግም» ብለው መንደሩን ሁሉ አዳረሱት።

ጥቅምት ላይ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ የሐኪሟን እጅ ይዞ አልለቅም ብሏት ሥራ አስፈታት። ኅዳር ላይ የጻፈው ባሕር ነበር። እኛ የመንደሩ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ በረዶም ይሁን ነፋስ፣ የሱፍ ቆባችንን አድርገን ባሕሩ ውስጥ እንነከራለን። ወንድ ገብቶብን አያውቅም። ኦድቫር በፎጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ ሴቶቹ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

«እትዬ፣ ትይዢኛለሽ?» አለኝ።

«ጆሮህን እይዝልሃለሁ። ግባ!»

እስከ ወገቡ ገባ። ያን ጊዜ ነው የጮኸው! አቤት ጩኸት! ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አብሬው ስኖር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼበት አላውቅም። ማዶ ያሉ ውሾች ሳይቀሩ መለሱለት። ዳር ላይ ቴርሞሳቸውን ይዘው የተቀመጡት እማማ ጉድሩን ጽዋቸውን አስቀመጡና «ለካ ድምፅ አለው!» አሉ። እኔ ውሃው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ቅዝቃዜው ነው አልኳቸው።

ከባሕር ከወጣ በኋላ ነገር ዓለሙ ተቀየረ። ታኅሣሥ ላይ ከጡረተኞች ጋር ዋና መማር ጀመረ፤ ወገቡ ላይ ሮዝ የስፖንጅ ቀበቶ አስረውለት እንደ ዳክዬ ሲቀዝፍ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዳልሄድ ለመነኝ። ጭፈራውን ከእኔ ጋር ተለማመደ፤ ቀኝ አውራ ጣቴ እስካሁን ይመሰክራል። የጎረቤቱን ውሻ መጀመሪያ በአጥር፣ ቀጥሎ ያለ አጥር ሰላም አለው። አንድ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውልለት አንስቶ ኢንሹራንስ ከሚሸጥ ሰው ጋር አርባ ደቂቃ አወራ። ሰውዬው ራሱ ነው «ይቅርታ፣ ልሂድ» ብሎ የዘጋው። ወንድሜ በየቀኑ እያፏጨ ይመጣ ጀመር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ እጠብቀው ጀመር።

ዋናው ነገር ግን የሆነው ጥር ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ቢንጎ አለን፤ ቁጥር ይጠራል፣ ካርዱ የሞላለት «ቢንጎ!» ብሎ ይጮሃል፣ ካርዱም ይታይለታል። ሽልማቱ የታጨሰ የበግ እግር፣ ቸኮሌት፣ አንዳንዴም አሳ ነው። ሰው እንደ ቀልድ ይመጣል፣ እንደ ነብር ይጫወታል። ቁጥር የሚጠራው ሰውዬ በረዶ ላይ ወድቆ እግሩን ሰበረና ኦድቫር ሳያስበው እጁን አወጣ። ሰሌዳው ላይ ጥር ሥር የነበረውን ሰርዞ «ቢንጎ» ብሎ ጻፈ።

ሐሙስ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኦድቫር የመጀመሪያዋን ኳስ አወጣ፣ አያት፣ አፉን ከፈተ፤ እንደ ምሥጢር ለራሱ ሹክ አለ።

«አልተሰማም! ድገመው!» አሉ እማማ ጉድሩን ከኋላ።

እንደገና ሞከረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔ ጨነቀኝ፤ ያ የቀብሩ ቀን ፊቴ ላይ መጣ። ይሄኔ ወንድሜ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁን አነሳ! መርከቧ አፍ ላይ እንደሚያደርገው፣ ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ በቀኙ አራት ጣት፣ በግራው አምስት ጣት አሳየ። አዳራሹ በሙሉ ጎንበስ ብሎ አርባ አምስትን ምልክት አደረገ! ሠላሳ ዓመት በዚያ እጅ ሲመራ የኖረ ሕዝብ ምን ይሳነዋል? አንዱ እንዲያውም ወንበሩን ወደ ግራ ጠጋ አድርጓል አሉ።

እንዲህ በእጅ ሦስት አራት ቁጥር ከሄደ በኋላ እማማ ጉድሩን ተነሱ። «እኔ ዓይኔም አያይም! በአፍህ ተናገር፣ ያ ባሕር ውስጥ የጮህክበት አፍ የት ገባ?» አሉት። ሰው ሳቀ። ኦድቫርም ሳቀ። ሲስቅ ጉሮሮው ተከፈተ መሰለኝ «ሠላሳ ሰባት!» ብሎ ለቀቀው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ክረምቱን ሙሉ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጠራ። እማማ ጉድሩን በደንብ ቢሰሙም ባይሰሙም ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ «አልተሰማም! ድገመው!» ይሉታል፤ እሱም ይደግምላቸዋል።

አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ «እትዬ፣ ቁጥር ሲሆን አልፈራም» አለኝ። «ቁጥር ማማር አይጠበቅበትም። እንዳለ መጥራት ነው።»

«ንግግሩስ?»

ፊቱ ጨለመ። «አራት ገጽ ጽፌያለሁ። ጥሩ አይደለም።»

ሁሉ ነገር ተሳካለት እንዳልል ግንቦት አለ። ግንቦት ላይ የጻፈው የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ መውጣት ነበር። አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቁጭ አለና በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወረደ፤ ሱሪው ተቀደደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሰሌዳው ላይ ከነሐሴ በፊት ያለው ወር ሁሉ በየተራው ሲሰረዝ ግንቦት ብቻ እንዳፈጠጠ ቀረ። «ተወው በቃ፣ አምፖሉን እኔ አለሁልህ» ብዬ አጽናናሁት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ራንቬይ ብቻዋን እኔ ጋ መጣች። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ የአበባ ማሰሮዬን አዟዟረች።

«አክስቴ፣ አባዬ እናገራለሁ ብሎ ቆርጧል አይደል?»

«ቆርጧል።»

«ያን ቀን እንደሆነው ቢሆንስ?»

አሥራ አምስት ዓመት ያልተነሳው ነገር ማድ ቤቴ ውስጥ ተነሳ። ዳቦ ልቀባ እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

«ለእኔ አይደለም» አለችኝ፤ ዓይኗ ሞላ። «እኔ ንግግር አልፈልግም። እሱ ግን እንደገና ቆሞ፣ እንደገና ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳ አይመስለኝም። አጎቴ ስታይናር አንድ ንግግር በኪሱ ይያዝ። ለክፉ ቀን።»

እውነቷን ነው። ስታይናር በኪሱ እንዲይዝ ተስማማን። ለኦድቫር አልነገርነውም።

የሠርጉ ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ይህ ራሱ ለእኛ አገር ተአምር ነው። ያው የመንደሩ አዳራሽ ነው፤ ቢንጎ የምንጫወትበት፣ ብዮርግን የሸኘንበት። ኤስፔን በገዛ እጁ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ ፍቆ አድሷቸዋል። ራንቬይ የባህል ልብሷን ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ያለው ብር ሲንቀሳቀስ ይጮሃል። ኦድቫር ከመስከረም ጀምሮ አሥር ኪሎ ቀንሶ የድሮ ሱፉ ልክ ሆኖለታል። አምሮበታል ወንድሜ! ፊቱ ግን እንደ አይብ ነጭ ነው።

ሾርባው ተነሳ። የመድረኩ መሪ ተነስቶ «አሁን የሙሽራዋ አባት» አለ። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ስታይናር ከማዶ እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደ።

ኦድቫር ቆመ። ሰው ገና ያወራል፣ ሕፃናት ይንጫጫሉ፣ ሳህን ይጋጫል። መዳፉን ከፍ አደረገ። እመኑኝ፣ አዳራሹ በአንዴ ሞተር አጠፋ። እዚያ ድረስ ደግ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አወጣ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ አራቱ ገጾች እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ፤ አንድም መስመር ማንበብ አይችልም። አፉን ከፈተ። ዘጋ። ከፈተ።

ዝም።

የራንቬይ እጅ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁ። የአባቷን እጅጌ ያዘች። ሃያ ሰባት ሊሞላት የደረሰች ሴት፣ እንደዚያች እንደ አሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ፣ ቀና ብላ ታየዋለች። ስታይናር ወንበሩን ገፋ አደረገ። እኔ በልቤ «አንተ ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ» እላለሁ።

«አልተሰማም! ድገመው!»

እማማ ጉድሩን ናቸው። ከኋላ፣ ያቺው የሐሙስ ቦታቸው ላይ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ኦድቫር ወደ እሳቸው ዞረ። ትከሻው ወረደ። ወረቀቱን አጠፈ፣ ሳህኑ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በዚያ መስታወት በሚያንቀጠቅጠው የሐሙስ ድምፁ ጠራ።

«ሃምሳ አንድ!»

ሁላችንም ጠበቅን።

«ሃምሳ አንድ ሴንቲሜትር ነበርሽ ስትወለጂ። ከክንዴ ታንሺ ነበር። ሁለት! መርከብ ላይ ነበርኩ፤ ወሬው ሲደርሰን ካፒቴኑ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋልሽ። አሥራ ሰባት! በአሥራ ሰባት ወርሽ ነው የተራመድሽው። እናትሽ ዘገየች ብላ ተጨነቀች። እኔ ግን ተይ፣ እያሰበችበት ነው፣ እኔን ወጥታ ነው አልኳት።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። እኔ ግን ራንቬይን ነው የማየው። እጅጌውን አልለቀቀችም።

«መቶ አሥራ አራት!»

«እንዲህ ያለ ቁጥር ቢንጎ ላይ የለም!» አሉ እማማ ጉድሩን።

«እኔ ጋ አለ» አላቸው። ለእማማ ጉድሩን! በሕዝብ ፊት መለሰላቸው! «ማዶ ስትማሪ በየዓርቡ በመርከቡ ትመጪ ነበር። ሦስት ዓመት፣ መቶ አሥራ አራት ዓርብ። ቆጥሬያለሁ። መኪና ለሌላት ልጅ መርከቧ አፍ ላይ ቆሜ እጄን ሳወዛውዝ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ወደ ግራ ጠጊ ማለቴ አልነበረም፣ ልጄ። እወድሻለሁ ማለቴ ነበር።»

አሁን የሚስቅ የለም።

«አሥራ ሁለት» አለ፤ ድምፁ ወረደ፣ ግን አልተቆረጠም። «አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። እዚሁ አዳራሽ። ዜሮ። ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ዜሮ ነው። አንቺ ጠብቀሽኝ ነበር። ልለው የነበረው ይኼን ነው፦ የብዮርግ ሳቅ ከመርከብ ሞተር በላይ ይሰማ ነበር። እሷ ስትስቅ ምንም አልፈራም ነበር። ይኸው ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ጉሮሮዬ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ቆማብኝ።»

ስታይናር፣ ያ ንግግረኛው ስታይናር፣ ናፕኪኑን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

ኦድቫር ወደ ሙሽራው ዞረ። «መጨረሻዋን ልጥራ። አንድ! ኤስፔን፣ ያለችኝ አንድ ናት።»

ይህን ብሎ ብርጭቆውን ሊያነሳ ሲል ራንቬይ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ፣ በሙሉ ድምፅ «ቢንጎ!» ብላ ጮኸች።

ወንድሜ ልማድ ሆኖበት «ካርዱ ይታይ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጫጫታ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን በማንኪያ መምታት ጀመረ። በእኛ ሠርግ ብርጭቆ ከተመታ ሙሽሮቹ ወንበር ላይ ወጥተው መሳሳም ግዴታቸው ነው። ኤስፔን ደንቡን አክብሮ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ከንፈሩን አሹሎ ጠበቀ። ራንቬይ በአጠገቡ አለፈችና አንድ ወንበር ጎትታ አባቷ ፊት አቆመች። እሷ በራሷ ወንበር ላይ ወጣች።

«አባዬ፣ ና ውጣ።»

ኦድቫር ወንበሩን አየው። «እዚያ ላይ... ልጄ፣ ግንቦት እኮ አልተሰረዘም» አለ በሹክሹክታ።

ብርጭቆው ይጮሃል። ይሄኔ እኔ ጉልበቴን ረስቼ ተነሳሁ፤ በሰው መሀል ሹልክ ብዬ ደረስኩና ተንበርክኬ የወንበሩን እግሮች በሁለት እጄ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩለት። «እኔ ይዤልሃለሁ» አልኩት። ከዚያም ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወንበሩ ሲያቃስት ሰማሁ። ከላይ የብር ጌጥ ጮኸ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ዓይኔን ገለጥኩ። ሁለቱም ላይ ናቸው፤ ተቃቅፈዋል፤ የወንድሜ ራስ ጣሪያው ላይ የተሰቀለውን አበባ ነክቶታል። ኤስፔን ምስኪኑ ወንበሩ ላይ እንዳለ ከንፈሩን አሹሎ ቀርቷል።

በማግስቱ ጠዋት ኦድቫር ቡና ሊጠጣ መጣና ሰሌዳውን ከኪሱ አውጥቶ ግንቦትን ሰረዘ። ነሐሴንም ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ስለ አምፖል አልደወለልኝም።

ባለፈው ሳምንት የእኔ ኮሪደር አምፖል ተቃጠለ። መሰላሌን ላወጣ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ መሰላሉን ትቼ ስልኩን አነሳሁ።

«ኦድቫር» አልኩት። «ጨለመብኝ።»